አዳዳ በአየር የሄደችበት ክረምት

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር አዳዳ በአውሮፕላን ስትሄድ። አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ናት። እኛ ቤት ግን ስሟ ሆኖ ቀረ፤ እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ ወተት የምታመጣልን ሴትም አዳዳ ነበር የሚሏት።

ያን ክረምት ሰሞኑን ያስታወሰኝ መጥረጊያ ነው። ከገበያ አዲስ የሣር መጥረጊያ ገዝቼ ጫፉን ውሃ አስነካሁትና ደጄን ልጠርግ ጎንበስ አልኩ። የረጠበ ሣርና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወዲያው በላያችን አውሮፕላን አለፈ። ግቢዬ ውስጥ የምትከራይ፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች አስተማሪ አለች፤ ስልኳን እያየች፣ «እትዬ፣ ከነቀምቴ ቦሌ እኮ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም» አለችኝ። እኔ ቀና ብዬ አውሮፕላኑን በዓይኔ ሸኘሁትና መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ አመመዎት?»

«የለም። ሰዎቹ ይግቡ» አልኳት።

ሳቀች። አልፈርድባትም፤ ነገሩን አታውቀውም። ለእሷ የነገርኳትን ነው ለእናንተም የማወጋችሁ።

እኛ ነቀምቴ ስንኖር አዳዳ ከኡኬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነበር የምትኖረው። ረጅም ናት፤ ስትናገር ግቢው ይሰማል፤ የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲጀመር የሚጠበቀው የእሷ ድምፅ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ በቆሎዋንና ከብቶቿን ብቻዋን ነበር የምታስተዳድረው። ታዲያ ዓይኗን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ አንዱ ሄደ፤ ሁለተኛውም ቀስ በቀስ ጭጋግ ያዘው። ያን ጊዜም ቢሆን እንዝርቷን አልጣለችም። ጥጡን በጣቷ እየዳሰሰች ትፈትላለች፤ ክሩም እንደ ድሮው ቀጭን ነው።

እናቴ ደግሞ የጎጃም ሴት ናት። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር እዚያ ተመድቦ ሳለ አግብቷት ይዟት መጣ። አዳዳ ለወንድሟ ሌላ መርጣለት ኖሯል። ይህንንም አልደበቀችም፤ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ እናቴ ቁጭ ብላ እየሰማች፣ «እኔ ከኡኬ እንደ ጨረቃ ያለች ልጅ አጭቼለት ነበር፤ እሱ አባይን ተሻግሮ ይቺን አመጣ» ትልና ትስቃለች። ሰውም ይስቃል። እናቴ ፈገግ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ከሁሉ በላይ የሚያጋጫቸው መጥረጊያ ነበር። እናቴ ካገሯ ይዛው የመጣችው ልማድ ነው፤ መንገደኛ ከቤት ሲወጣ፣ ካሰበበት እስኪገባ ድረስ ቤት አይጠረግም። ከጠረጉት የመንገደኛውን እግር አብረው ይጠርጉታል፣ አይመለስም ይባላል። አባቴ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ አውቶቡሱ ከንጋት እስከ ማታ ይጓዛልና ያን ቀን ቤታችን ሳይጠረግ ይውላል። አዳዳ ለገበያ መጥታ እንዲህ ከደረሰችብን ወሬ አገኘች ማለት ነው።

«የኔ ጌታ መንገደኛ የሚጠብቀው በዓይኑ ነው» ትላለች፣ እግሯ ሥር ያለውን ገለባ በከዘራዋ እየነካካች። «ያንቺው ደግሞ መጥረጊያ እያየ ነው እንዴ የሚፈርደው?»

«ይሁን እትዬ» ትላለች እናቴ። «እርስዎ ይጸልዩ፤ እኔ ደግሞ አልጠርግም። ሁለታችንም አንድ ሰው ነው የምንጠብቀው።»

በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ቤት ለአዳዳ ቀጠሮ ሰጣት። ቀጠሮው ካለፈ ሌላው ለከርሞ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ እስከ ከርሞ ከቆየች የቀረው ዓይኗም መጥፋቱ እንደማይቀር ለአባቴ ነግሮታል። መንገዱ ግን ጭቃ ነበር። ከአኖ ወዲያ አውቶቡስ እየተዋጠ፣ ተሳፋሪው ወርዶ እየገፋ፣ ሜዳ ላይ እያደረ ነበር የሚሄደው። አባቴ አንድ ማታ እራት ላይ፣ «በአውሮፕላን ትሄዳለች» አለ።

ያን ጊዜ ነቀምቴ አውሮፕላን የሚያርፈው ሣር ላይ ነበር። ትንሿ አውሮፕላን አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ ደመና ከበዛ ደግሞ ትቀራለች።

«በክንፍ?» አለች አዳዳ። «ዶሮ አደረግኸኝ?»

«ዶሮማ አትበርም፣ አዳዳ» አልኩ እኔ።

«አየሽ? ዶሮ እንኳ ክንፍ እያላት እምቢ ብላለች።»

አባቴ ሳቅ አለና መከራከሩን ተወ። ከግድግዳው ላይ የአገሩን ካርታ አወረደና ወለሉ ላይ ዘረጋው። ለዓይኗ ምንም እንደማይጠቅማት ያውቃል። ከእንዝርቷ ላይ ክር ጠየቃት። ተንበርክኮ ክሩን በመኪናው መንገድ ላይ አስተኛው፤ ከነቀምቴ ተነስቶ ስሬ፣ አኖ፣ ባኮ፣ ጌዶ፣ ጉደር፣ አምቦ፣ በያንዳንዷ ጥምዝ አብሮ እያጠፈ፣ እኔ ደግሞ ክሩ እንዳይሸሽ በጣቴ እየያዝኩለት፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በጥርሱ በጠሰው። ከዚያ ሁለተኛ ክር ወሰደ። ይሄኛውን ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ ወጠረውና በጠሰው። ሁለቱን እጇ ላይ አኖረላት።

«ይኸኛው የእግርና የጎማ መንገድ ነው። ይኸኛው የአየሩ።»

አዳዳ ረጅሙን በጣቶቿ ጫፍ እስከ መጨረሻው ሄደችበት። ቀጥላ አጭሩን ያዘች። ቶሎ አለቀባት። እንደገና ጀመረችው።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ጭቃ የላትም?»

«የላትም።»

አጭሩን ክር የቀሚሷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። እንደምትሄድ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ረጅሙን ክር ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለብዙ ጊዜ ጸጉሬን አስሬበታለሁ።

የመሄጃዋ ዕለት ጠዋቱ ካፊያ ነበር። ሜዳው ላይ ከብቶች ይግጣሉ። የአውሮፕላን ጣቢያው ሠራተኛ አንድ ሰው ነው፤ ትኬት የሚያየውም፣ በሬዲዮ የሚነጋገረውም፣ ፊሽካ እየነፋ ከብት የሚያባርረውም እሱ ነው። አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ሻንጣው ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመዘናል። አዳዳን ክንዷን ይዞ የቡና ሚዛን የመሰለ ነገር ላይ አቆማት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሚዛን ነው እናቴ።»

«እንግዲህ ቡና አደረጋችሁኝ። ንጹሕ ነኝ፣ ገለባ የለብኝም።»

ሠራተኛው እየሳቀ ቁጥሩን ጻፈ። እኛ ሳቅን እንጂ አባቴ ከንፈሩን እየነከሰ ወደ ደመናው ነበር የሚያየው።

አውሮፕላኗ መጀመሪያ በድምፅ መጣች፤ ቀጥሎ ከደመናው ሥር ብቅ አለች። ስታርፍ ከሣሩ ላይ ውሃ ተረጨ፤ የነዳጅ ሽታ ከከብቶቹ ሽታ ጋር ተቀላቀለ። አዳዳ ከመውጣቷ በፊት መዳፏን የአውሮፕላኗ ጎን ላይ አሳርፋ፣ ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ዳሰሰቻት። «ትንቀጠቀጣለች። እሷም ፈርታለች» አለች።

የሚቀበላት የአባቴ አጎት ልጅ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አባቴ ለፓይለቱ አደራ አለው። እናቴ የስንቁን ቋጠሮ እጇ ላይ አደረገችላት። ጭኮ ነበር፤ የገብስ ቆሎ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ጎጃሜዋ እናቴ ይህን ጭኮ ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶባታል፤ አዳዳ አንድም ቀን ተሳክቶልሻል ብላት አታውቅም። ሊሸኟት የመጡ ሽማግሌዎች «ነጋን ገሊ» እያሉ መረቋት፤ በሰላም ግቢ ማለት ነው። አዳዳ ደረጃው ላይ ሆና ወደ እኛ ዞረች። አላየችንም፤ ወደ ድምፃችን ነው የዞረችው።

«አንቺ ጎጃሜ፣ ቤትሽን ጥረጊ። ይቺ ክር አጭር ናት፤ እንግዳ ሳይመጣብሽ እደርሳለሁ።»

እናቴ አውሮፕላኗ ደመናው ውስጥ እስክትገባ በዓይኗ ሸኘቻት።

ቤት ገባን። ነሐሴ ስለነበር ወለሉ ላይ የበቆሎ እሸት ልጣጭና ጸጉር ነበር፤ እግራችን ያመጣው ጭቃም ነበር። አባቴ ተመልሶ ወደ ጣቢያው ሄዶ ኖሮ ብዙም ሳይቆይ መጣ።

«አርፋለች። በሬዲዮ ነገሩት። በይ እንግዲህ ይጠረግ።»

«ያረፈችው አውሮፕላኗ ናት» አለች እናቴ። «እሷን ማን ተቀበላት? ሰው ቤት ገብታለች? እህል ቀምሳለች?»

«ሴትዮ፣ አንድ ሰዓት የማትሞላ መንገድ እኮ ናት።»

«መንገዱ ማጠሩን መች ክጄ። እኔ ያልኩት ማን አያት ነው።»

ማንም ሊያይላት አልቻለም። ዝናቡ የስልክ መስመሩን ጥሎታል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስም አልገባም። አዳዳ ሰማዩን ከምሳ በፊት አቋርጣዋለች፤ ወሬዋ ግን ጭቃ ውስጥ ነው። ቤታችን ሳይጠረግ ዋለ፣ አደረ፣ እንደገና ዋለ። ፍሬው የተበላ የበቆሎ ቆረቆንዳ ክምር ጥግ ይዞ አደገ። እኔ የእናቴን ፊት እያየሁ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ፤ አየር ላይ ጭቃ ባይኖርስ፣ ሌላ የሚይዝ ነገር ይኖር ይሆን? አባቴን ስጠይቀው «የለም ልጄ» አለኝ፤ ግን ካርታውን መልሶ ግድግዳው ላይ አልሰቀለውም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የአዳዳ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከነመጋቢያቸው ከኡኬ ድረስ ሊጸልዩላት መጡ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያዩት ወለሉን ነው። እናቴ የቤት ንጽሕና የማታውቅ ሴት እንዳትባል ነፍሷን የምትሰጥ ሴት ነበረች። አንገቷ ሥር ሲቀላ አየሁት። ወንበር አቀረበች፣ ውሃ አቀረበች፣ መጥረጊያውን ግን አልነካችም።

ከመጡት ሴቶች አንዷ አዝናላት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ተነሥታ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አነሳች። እናቴ ደረሰችባት። ሳትነጥቃት፣ እጇን ከነመጥረጊያው ያዘቻት።

«ተይልኝ እህቴ። አዳዳ ገና አልገባችም።»

«ሜ፣ እስቲ ተይ፣ ይሄማ ልማድ ነው።»

«ልማድ ነው። በቤቴ ያለኝ እሱ ነው። ስትመጣ ትሳቅብኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ይህ ቤት አይጠረግም።»

ሴትዮዋ መጥረጊያውን ለቀቀች። መጋቢው ጎርደድ ብለው ባዶ ቦታ ፈለጉ፤ አጡ። እንዲያው በልጣጩ መሐል ተንበረከኩ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ስለ አዳዳ ዓይን ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ሲነሱ ሱሪያቸው ጉልበት ላይ የበቆሎ ጸጉር ተጣብቆ ነበር። ማንም ደፍሮ አልነገራቸው፤ እንደያዙት ወደ ኡኬ ሄዱ።

በሚቀጥለው የበረራ ቀን አባቴ በብስክሌት ወደ ሜዳው ወረደ። እኔና እናቴ ደጃፉ ላይ ቆምን። አውሮፕላኗ መጣች፤ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ከመታጠፊያው የብስክሌቱ ደወል ተሰማ። አባቴ ደወል የሚደውል ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ላይ ማንም ሳይኖር እየደወለ ነው የመጣው።

«ፓይለቱ ራሱ ነገረኝ! እጇን ይዞ አውርዶ ለዘመዳችን አስረክቧታል። ጭኮም አብልታዋለች። ‹ስንቄን ሳልፈታ ምን ዓይነት መንገድ ነው የሚያልቀው› ብላ፣ እዚያው ከአውሮፕላኗ ሥር ፈትታ፣ ‹ብላ፣ የወንድሜ ሚስት የሠራችው ነው፣ በአገር የማትገኝ ባለሙያ ናት› ብላዋለች።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ፊቷ ወሰደች። ከዚያ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አምጥታ ሰጠችኝ።

«በይ፣ ጥረጊ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ቤት ጠርጌያለሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የጠረግሁት ግን የለም።

የዓይኗ ነገር ገና ነበር። ክረምቱ ወጣ፤ ስልኩ ተጠገነ፤ ቀዶ ጥገናው ተደረገ አሉን፣ ፋሻው ግን አልተፈታም። ከዚያ በዚህ ቀን ትመጣለች ተባልንና ሁላችንም ወደ ሜዳው ወረድን። አውሮፕላኗ አረፈች። ሰዎች ወረዱ። በሩ ተዘጋ። አዳዳ የለችም።

«ስሟ አለ፤ እሷ ግን አልመጣችም» አለ ሠራተኛው ወረቀቱን እያየ።

እናቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ስልክ ሊደውል ሮጠ፤ የሚያነሳ አላገኘም። ቤት ስንገባ ማንም ስለ ዓይን አላወራም። እኔ ክፉ ክፉውን ነበር የማስበው፤ ምናልባት አልበራላትም፣ አፍራ ቀርታ ይሆናል እያልኩ።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል ከወደ መናኸሪያው በኩል ያ ድምፅ ተሰማ። በየደጁ ሰላምታ ይሰጣል። «አንቺ፣ በርሽን ሰማያዊ ያስቀባሽው መቼ ነው?» ይላል። «ይሄ ልጅ ያንተ ነው? አፍንጫህን ጥሎበታል» ይላል። አዳዳ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ቋጠሮዋን ራሷ ላይ አስቀምጣ፣ ያለ ከዘራ ቁልቁለቱን ትወርዳለች።

አባቴ ሮጦ አቀፋት፤ ተቆጣትም። «አውሮፕላኑ እያለልሽ! ልባችንን አቆምሽው እኮ!»

«በአውሮፕላን ስሄድ ምን አየሁ? ጨለማ ገብቼ ከጨለማ ወጣሁ» አለች። «እግዜር ዓይን ሲሰጠኝ በአጭሯ ክር ልመለስ? ረጅሙን ነው የመጣሁት፣ መስኮት ይዤ። ከጉደር ወዲህ ኑጉ ሁሉ አብቧል። አኖ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ወርጄ ሰው አየሁ። እንዲያው ቆሜ ሰው አየሁ።»

መነጽሯን አወለቀች። ወደ እናቴ ሄዳ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት። እናቴ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

«እንዲህ ነሽ እንዴ?» አለች አዳዳ። «ከኡኬዋ ትበልጫለሽ።»

«አሁን ነው የሚያዩት?»

«አሁን ነዋ። ዕውር አልነበርኩ?»

ሳቁ፤ ሲስቁም አለቀሱ። በኋላ የመጋቢውን ጉልበትና የበቆሎውን ጸጉር አባቴ ሲነግራት አዳዳ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ወለሉን ተመለከተች። «ለእኔ ብለሽ?» አለቻት እናቴን በዝቅታ። «ታዲያ ለማን ልል ኖሯል» አለች እናቴ፣ ውሃ ልታመጣ እየተነሳች።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ዛሬ ነቀምቴም አስፋልት ማኮብኮቢያ አላት፤ ከብት የሚያባርር ፊሽካ የለም፤ ሰው አይመዘንም። አዳዳ እኔ ቤት ናት። ዕድሜዋን እሷም አታውቀው፤ ከአልጋ የምትወርደው ሲመቻት ነው፤ ዓይኗ ግን እስከ አጥሩ ያያል።

ዓምና እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በአየር ሄድኩ፣ አዲስ አበባ ያለች እህቴን ልጠይቅ። አዳዳ አልጋዋ ላይ ሆና «ነጋን ገሊ» ብላ መረቀችኝ። በመስኮት ቁልቁል እያየሁ መንገዱን ስፈልግ፣ ረጅሙን ክር ስፈልግ፣ ባኮ ነው ወይስ ጌዶ እያልኩ ሳለ ውረዱ ተባልን። እህቴ ቤት ገብቼ፣ እህል ቀምሼ፣ ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ልጄ ነው።

«እማ፣ አዳዳ መጥረጊያውን ደብቃብናለች። ከአልጋዋ ሥር አድርጋ አልሰጥም ብላለች።»

«ስልኩን ስጣት» አልኩት።

ትንፋሿ ተሰማኝ።

«አዳዳ፣ ደርሻለሁ።»

«ማን ተቀበለሽ?»

«እህቴ።»

«እህል ቀመስሽ?»

«ቀመስኩ።»

ስልኩን ለልጄ መለሰችለት። በኋላ እንደነገረኝ፣ ከአልጋዋ ወርዳ፣ መጥረጊያውን አውጥታ፣ እሱ ልቀበልሽ ቢላት እምቢ ብላ፣ ግድግዳውን በአንድ እጇ እየያዘች ቤቱን ራሷ ጠረገችው።